ገለፈቱ ተቆራርጦ የቀረበት ዘንዶ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው አራቱም ደብዳቤዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ናቸው፤ አራቱም የሚጠይቁት ስለ እባብ ቆዳ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሰፊ ቦታ ወስዷል። ለሌሎቹ የሚበጀውም አብዛኛው እዚያው ስላለ በእሱ እንጀምራለን።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጆች። ወንድሜ ከውጭ ይዞት የመጣ ቦል ፓይተን የሚባል ትንሽ ዘንዶ አለን፤ ወረቀቱ የተሟላ ነው። ኮምቦልቻ ሳለን ሁለት ዓመት ሙሉ ገለፈቱን እንደ ካልሲ ከአፉ እስከ ጭራው ሳይቆረጥ ነበር የሚያወልቀው። መስከረም ላይ ወደ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ተዛወርን። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ቆዳ ቀየረ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተቆራርጦ ነው የወረደው። አሁንም ጀርባው ላይ እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ተጣብቆ የቀረ አለ። እናቴ “ቅቤ ቀቢው” ትላለች። ወንድሜ በስልክ “አብሽሪ፣ ልጠሽ አውጪው” ይለኛል። የሚኖረው ክዳኑ ወንፊት ሽቦ በሆነ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከላይ ባለ 100 ዋት አምፖል አለው፤ የምነጥፍለት ሰጋቱራ ነው። የቆዳ በሽታ ይዞት ይሆን?

መልስ፦ አይዞዎት። በደብዳቤዎ ውስጥ በሽታ የሚያሰኝ ምልክት አላገኘንም። የተለወጠው አየሩ ነው። ከኮምቦልቻ በሀረጎ ዳገት ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ለሰው አንድ ሹራብ ቢያስደርብ ነው። ለእባብ ግን ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስቶ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ መኖር ሌላ አገር መግባት ነው።

እባብ ቆዳውን የሚቀይረው ከአሮጌው ሥር አዲሱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ በሁለቱ መካከል ስስ ፈሳሽ ይገባና አሮጌውን ከአዲሱ ያላቅቀዋል። የቆዳው ቀለም የሚደበዝዘው፣ ዓይኑም ወተት የተቀላቀለበት ውሃ መስሎ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው በዚህ ፈሳሽ ምክንያት ነው። ከዚያ ዓይኑ መልሶ ይጠራል። ብዙ ሰው “አለፈለት” ብሎ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው፤ ነገር ግን ገና አልወለቀም። ዓይኑ ከጠራ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ቆይቶ አፍንጫውን ከሻካራ ነገር ጋር ያሻሻል፤ ገለፈቱ ከከንፈሩ ይለቅና እባቡ ከውስጡ ሾልኮ ይወጣል። ከመደብዘዝ እስከ መውለቅ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ያ ፈሳሽ የሚገኘው እባቡ ከጠጣው ውሃ ነው፤ አሮጌው ቆዳ ሳይደርቅ የሚቆየው ደግሞ በሳጥኑ አየር እርጥበት ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ገለፈቱ ሳይለቅ ይደርቃል፤ የደረቀ ደግሞ ይሰነጠቃል፣ እየተቆራረጠም ይቀራል።

አሁን ወደ ሳጥንዎ እንምጣ። ኅዳር ውስጥ ሌሊት ቤትዎ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአየሩም እርጥበት 60 በመቶ ነው እንበል። ለሰው ደህና አየር ነው። ያው አየር ምንም ውሃ ሳይጨመርበት በአምፖልዎ 31 ዲግሪ ድረስ ቢሞቅ እርጥበቱ ወደ 21 በመቶ ይወርዳል፤ ሞቃት አየር ብዙ ውሃ የመያዝ አቅም ስላለው ያለው ውሃ ለእሱ ጥቂት ይሆንበታል። ቦል ፓይተን በአዘቦት ቀን ከ55 እስከ 60 በመቶ፣ ቆዳ በሚቀይርበት ሳምንት ደግሞ ከ65 እስከ 75 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል። በዚያ ላይ የወንፊቱ ክዳን የሞቀውን አየር ያለማቋረጥ ወደ ላይ ያስወጣዋል፤ ሰጋቱራውም የቀረውን ጠብታ ይመጠዋል። ኮምቦልቻ ላይ አምፖሉ ብዙ መሥራት ስላላስፈለገው ይህ ሁሉ ጉድለት ተሸፍኖ ኖሯል። ደሴ ላይ ግን ቀንና ሌሊት ሲበራ ሳጥኑ ምድጃ ይሆናል።

አስቀድመው ለተጣበቀው ይድረሱለት። ወንድምዎ እንዳሉት አይላጡት። ከደረቀው ገለፈት ሥር ያለው አዲስ ቆዳ ገና ስስ ነው፤ በደረቁ ሲሳብ ቅርፊቱን ይዞ ይነሳል፣ ቁስሉም ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል፣ ጠባሳው ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ገለፈት የሚይዝ ቦታ ይሆናል። ቅቤውም ይቅር። ቅቤ፣ ቫዝሊንም ሆነ ዘይት ከላይ ይሸፍናል እንጂ ውሃ ወደ ውስጥ አያስገባም፤ አቧራና ሰጋቱራ ይለጥፍበታል፣ ሲቆይም ይበሰብሳል። እናትዎ የደረቀ ቆዳ ማለስለስ ያስፈልጋል ማለታቸው ልክ ነው፤ የእባብን ቆዳ የሚያለሰልሰው ግን ውሃ ነው።

እኛ ከሁሉም የምናስቀድመው የትራስ ልብሱን ዘዴ ነው፤ እባቡ የመስጠም አደጋ የለበትም፣ ብዙም አይጨነቅም። ሁለት የጥጥ ፎጣ ለብ ባለ ውሃ ይንከሩና ውሃው መንጠባጠቡን እስኪተው ይጭመቁ። ንጹሕ የትራስ ልብስ ውስጥ ይክተቷቸው፤ እባቡን በመካከላቸው ያስገቡና አፉን ቋጥረው ከ28 እስከ 30 ዲግሪ የሚሞቅ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ በሳጥኑ ሞቃት ወገን፣ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያቆዩት። አምፖሉ በቀጥታ እንዳይመታው ይጠንቀቁ። እባቡ በፎጣዎቹ መካከል ሲርመሰመስ አብዛኛው ገለፈት በራሱ ይወልቃል። ሲያወጡት የቀረ ካለ ሻካራ እርጥብ ፎጣ በእጅዎ ጎድጎድ አድርገው ይያዙና እባቡ በመሐሉ ወደ ፊት ይሳብ። አቅጣጫው ከጭንቅላት ወደ ጭራ ነው፤ ወደ ኋላ ከተፈገፈገ ቅርፊቶቹ ይነሳሉ። ገለፈቱ ከለሰለሰ ያለ ጉልበት ይመጣል። ጉልበት ከጠየቀ ይተዉትና በማግስቱ ይድገሙ። ሦስት ቀን ተደጋግሞ ካልለቀቀ የሚቀጥለው ለእንስሳት ሐኪም ነው።

በውሃ መዘፍዘፍ የሚመርጡ ከሆነ ክዳኑ የአየር ቀዳዳ ያለው የላስቲክ ዕቃ ይጠቀሙ። የውሃው ጥልቀት ከእባቡ ውፍረት እኩሌታ አይለፍ፤ ጭንቅላቱን ሳይቸገር ከውሃው በላይ ማሳረፍ አለበት። ሙቀቱ ከ28 እስከ 30 ዲግሪ፣ ጊዜው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው። በጣትዎ ሲነኩት ሞቀ የሚሉት ውሃ ለእሱ ብዙ ነውና በቴርሞሜትር ይለኩ። ደሴ ላይ ውሃው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስለሚቀዘቅዝ እያዩ ለብ ያለ ይጨምሩበት፤ ከአጠገቡም አይራቁ። መብራት በጠፋበት ምሽት ግን ፈጽሞ አይዘፍዝፉት። ረጥቦ የበረደው እባብ ሳንባው ይታመማል፤ ሲተነፍስ ሲር ሲር ማለት፣ አፉ ላይ አረፋ ማሳየት፣ አፉን ከፍቶ ወደ ላይ ማንጋጠጥ የዚህ ምልክቶች ናቸው፤ ከታዩ ደግሞ ሐኪም በዚያው ቀን ይፈለጋል። ዕቃውን ለዚሁ ብቻ ይለዩት፤ ሰሃንና ድስት በሚታጠብበት ሳፋ ውስጥ እባብ አይነከርም። እባቦች ሳልሞኔላ የሚባለውን ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ሳይታመሙ ይሸከማሉና እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ቤት ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካለ በዚህ ነገር ቀልድ የለም።

ይህ ሁሉ ለአሁኑ ነው። ሳጥኑ ካልተስተካከለ ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ይህንኑ ደብዳቤ መልሰው ይጽፉልናል።

ሰጋቱራውን ዛሬውኑ ያውጡ። በተለይ ከጥድ እንጨት የወጣ ከሆነ ሽታው ራሱ ጎጂ ነው፤ የጥድ ዘይት የእባብን ሳንባና ቆዳ ያስቆጣል። የባሕር ዛፍ ቅጠልም አይነጠፍ። ለጊዜው ሶፍት ወይም ያልታተመበት ወረቀት ይበቃል። የወንፊቱን ክዳን ሁለት ሦስተኛ በወፍራም ላስቲክ ይሸፍኑ፤ አንድ ሦስተኛው ለአየር ክፍት ይቅር። ላስቲኩ ከአምፖሉ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የውሃውን ዕቃ ትልቅ ያድርጉት፤ እባቡ ተጠቅልሎ የሚገባበት ሆኖ የማይገለበጥ ከባድ ይሁን። ዳር ላይ ተጥሎ ከሆነም ሞቃቱና ቀዝቃዛው ወገን ወደሚገናኙበት ያስጠጉት፤ ከዚያ የሚተነው ውሃ ራሱ እርጥበት ነው።

ትልቁን ሥራ የሚሠራው ግን እርጥብ ዋሻው ነው። ዋሻ ማለታችን ክዳን ያለው ተራ የላስቲክ ዕቃ ነው፤ እባቡ ተጠቅልሎ ሲተኛ ጎኑ ግድግዳውን የሚነካበት መጠን ይሁን፤ ሰፊ ከሆነ አይወደውም። ጎኑ ላይ የእባቡን ወፍራም ቦታ አንድ ጊዜ ተኩል የሚያህል ቀዳዳ ይብሱና ጠርዙን በጋለ ማንኪያ አለስልሱ፤ የተተፈተፈ ላስቲክ አዲስ ቆዳ ይሰነጥቃል። ውስጡ የተጨመቀ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ያንጥፉ። ዋሻው በሞቃቱ ወገን ጠርዝ ላይ ይቀመጥ፤ በቀዝቃዛው ወገን ከሆነ እርጥብ ብርድ ብቻ ነው የሚሆነው። ጨርቁ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ አለበለዚያ ይሻግታል። ይህ ዋሻ ካለ ሳጥኑን በሙሉ ማርጠብ አያስፈልግም። አያድርጉትም። እርጥበት ሲባል ወለሉን ጭቃ የሚያደርጉ አሉ፤ ሆዱ እርጥብ ላይ የሚውል እባብ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያወጣል፣ የሆዱ ቅርፊቶችም እየቀሉ ይበሰብሳሉ። እርጥብ መሆን ያለበት አየሩ ነው፤ ወለሉ ይድረቅ።

ስለ ሙቀቱ ደግሞ። የሞቃቱ ወገን ከ31 እስከ 32፣ የቀዝቃዛው ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ይሁን፤ ሌሊትም ከ24 አይውረድ። ይህን በ100 ዋት አምፖል ለማምጣት መሞከር አየሩን ያደርቃል፤ አምፖሉ በሽቦ ካልተከለለ ደግሞ እባቡ ተጠግቶ ይቃጠላል። ከሳጥኑ ወለል ሲሶውን ብቻ የሚሸፍን፣ በቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱ ልኩ ሲደርስ በራሱ በሚያጠፋ መሣሪያ፣ የሚቆጣጠሩት ማሞቂያ ንጣፍ የተሻለ ነው። ቴርሞስታት ከሌለው አይሰኩት። እባብ የሆዱን መቃጠል አውቆ አይሸሽም፤ የተቃጠለው ቦታ ደግሞ ለዘለቄታው ገለፈት ይይዛል። ሳጥኑን በሦስት ጎኑ በብርድ ልብስ ቢሸፍኑት ማሞቂያው የሚደክመው ድካም በብዙ ይቀንሳል።

መብራት ሲጠፋ ሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ በሙቅ ውሃ ይሙሉ፤ የፈላ ውሃ ጠርሙሱን ስለሚያጨማድደው ቀዝቀዝ ያድርጉት። በፎጣ ጠቅልለው ሳጥኑ ውስጥ ያኑሩት፤ ሲቀዘቅዝም ይለውጡት። ማንደጃ ግን ወደ ክፍሉ አያስገቡ። የከሰል ጢስ ለእባቡም ለእርስዎም ገዳይ ነው፤ ደሴ ውስጥ ብርድን ሽሽት መስኮት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ምን እንደሚያስከትል ለወሎ ሰው መንገር አያሻም።

አንድ የእርጥበት መለኪያ ሳይገዙ ይህን ሁሉ አያድርጉ፤ እርጥበት በዓይን አይታይም። የገዙትንም መለኪያ ወዲያው አይመኑት። በጠርሙስ ክዳን የገበታ ጨው ይሙሉና ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምረው እንደ ወፍራም ሊጥ ያርጥቡት፤ ጨው እንዳይሟሟ ውሃው ጥቂት ይሁን። ክዳኑንና መለኪያውን አንድ ላይ አየር በማያስገባ የላስቲክ ከረጢት ዘግተው ስምንት ሰዓት ያህል ያቆዩ። እርጥብ ጨው ያለበት የተዘጋ አየር እርጥበቱ 75 በመቶ ነው። መለኪያዎ 68 ቢል ሰባት ያጎድላል ማለት ነው፤ ሁልጊዜ ሰባት ደምረው ያንብቡ።

በሚቀጥለው ጊዜ ዓይኑ ሲደበዝዝ ቀኑን ካላንደር ላይ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አይመግቡት፣ አያንሱትም፤ በደንብ ስለማያይ ይደነግጣል፣ ሊነክስም ይችላል። ሳጥኑ ውስጥ ቀቅለው ያደረቁት ሻካራ ድንጋይ ይኑር። ከቦርከና የሚለቀመው የወንዝ ድንጋይ ልሙጥ ስለሆነ ለዚህ አይሆንም፤ የተጠረበ ጥቁር ድንጋይ ይሻላል። ገለፈቱ ሲወልቅ አይጣሉት፤ ውሃ ላይ ዘርግተው ከአፍንጫ እስከ ጭራ ጫፍ ይመርምሩት። ሙሉ ከሆነ ሳጥኑ ተስተካክሏል።

ጥያቄ፦ የእኔ እባብ እዚሁ ኮምቦልቻ ነው ያለው። ገለፈቱ በሙሉ ወርዶ ሳለ አንድ ዓይኑ ጭጋግ እንደለበሰ ቀርቷል። ጓደኛዬ በስስ መቆንጠጫ ይነሳል ብሎኛል፤ እኔ ፈራሁ።

መልስ፦ መፍራትዎ አዳነው። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚሸፍነው ጥርት ያለ ቅርፊት ነው፣ እሱም ከገለፈቱ ጋር አብሮ ይወልቃል። መቆንጠጫው አሮጌውን ይዞ አዲሱንም ከነቀለ ዓይኑ ይደርቃል፣ ይታወራል። ተለጣፊ ፕላስተር፣ ጥፍርም እንደዚያው።

መጀመሪያ በእርግጥ የቀረ ነገር መኖሩን ያረጋግጡ። የገለፈቱን ራስ ወደ ብርሃን አዙረው ይመልከቱ፦ በሁለቱም የዓይን ቦታ ጥርት ያለች፣ ወደ ውጭ ያበጠች ትንሽ መስኮት ካለች ሁለቱም ወልቀዋል፤ የሚያዩት ጭጋግ ሌላ ነው። አንዱ ጋ ቀዳዳ ከሆነ እዚያው ዓይኑ ላይ ቀርቷል። ሁለቱም ወልቀው ዓይኑ የተጎዳጎደ የሚመስል ከሆነ እባቡ ውሃ ጎድሎታል፤ ሲጠጣና እርጥበት ሲያገኝ ይሞላል። የቀረ ከሆነም ከላይ የገለጽነውን እርጥብ ዋሻ አንድ ሳምንት ይስጡት። በየቀኑ ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ ምንም መድኃኒት የሌለበት የሰው የእንባ ምትክ ጠብታ አንድ ጠብታ ማድረግ ያለሰልሰዋል። ብዙውን ጊዜ በዚያው ወይም በሚቀጥለው የቆዳ ቅየራ አብሮ ይወጣል። ሁለት ቅየራ ካለፈው፣ ካበጠ ወይም ከሥሩ ነጭ መግል ከታየ ሐኪም ይንካው።

ዓይኑን ካዩ ጭራውንም ይዩ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው። ጭራው ጫፍ ላይ የቀረች የገለፈት ቀለበት ስትደርቅ ትጠባለች፤ በላይዋ የሚቀጥለው ሲደረብ ደም ይቆማል፤ ጫፉ ይጠቁራል፣ እንደ ደረቀ ቃሪያ ይጨማደዳል። ገና ከሆነ ጭራውን ብቻ ለብ ባለ ውሃ በሞላ ስኒ 20 ደቂቃ ያቆዩና በእርጥብ ፋሻ ወደ ጫፉ አቅጣጫ በቀስታ ያሽከርክሩ። ጠቁሮ ከደነደነ ግን እርጥበት አይመልሰውም፤ ሐኪም ይቆርጠዋል፣ እባቡም ደህና ሆኖ ይኖራል።

ጥያቄ፦ ከደሴ ፒያሳ። እባቤ በሦስት ሳምንት በሦስት ሳምንት ቆዳ ይቀይራል፣ ሁሉም ይቆራረጣል። ቀኑን ሙሉ ውሃ ዕቃው ውስጥ ተኝቶ ይውላል። ውሃው ላይ እንደ ጥቁር አዝሙድ ያለ ነጥብ አያለሁ። እርጥበቱ 60 በመቶ ነው። የበረሮ መርጫ ልነፋበት አሰብኩ።

መልስ፦ መርጫውን መልሰው ያስቀምጡ። ለእባብ የበረሮ መርጫ መርዝ ነው፤ ለከብት መዥገር የሚበጠበጠውም እንደዚሁ።

የሚያዩት ነጥብ ማይት የሚባል ደም መጣጭ ጥገኛ ነው። እርጥበቱ ልክ ሆኖ ሳለ ቆዳው የሚቆራረጠው በየቦታው ስለሚበሱትና ፈሳሹን ስለሚያጎድሉበት ነው፤ ቶሎ ቶሎ መቀየሩም አካሉ ሊያራግፋቸው ሲሞክር ነው። ነጭ ሶፍት በውሃ አርጥበው ከአንገቱ እስከ ጭራው ያብሱት፤ ሶፍቱ ላይ የሚንቀሳቀስ ወይም ሲጨፈለቅ ቀይ የሚሆን ነጥብ ከቀረ ተረጋገጠ። በዓይኑ ዙሪያና አገጩ ሥር ባለው ስንጥቅ ይበዛሉ። ቅርፊቱ ላይ አመድ የመሰለ ነጭ ብናኝም ይተዋሉ።

ልብ ይበሉ፦ እንቁላላቸው እባቡ ላይ አይደለም ያለው፤ በሳጥኑ ስንጥቅ ውስጥ ነው። በሳጥን ሙቀት ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ ከ13 እስከ 19 ቀን ይፈጅባቸዋል። ስለዚህ እባቡን ብቻ የሚያጥብ ሰው ወር ሙሉ ይለፋል። ንጣፉን፣ እንጨቱን፣ ቅርንጫፉን አውጥተው ያቃጥሉ። የእንጨት ሳጥን ከሆነ ስንጥቁ ብዙ ነውና ለጊዜው በልሙጥ የላስቲክ ሳጥን ይተኩት። ዕቃው ሁሉ በፈላ ውሃ ይታጠብ። ወለሉ ነጭ ሶፍት ብቻ ይሁን፤ በየሁለት ቀኑ ይቀየር፣ የተነሳውም ወዲያው ይቃጠል። እባቡን በየሁለት ሦስት ቀኑ ለብ ባለ ውሃ ይዘፍዝፉት፤ ከጭንቅላቱ ላይ ያሉት ስለማይሰጥሙ በእርጥብ ጥጥ አንድ በአንድ ይጥረጓቸው። ይህንን ስድስት ሳምንት አያቋርጡ፤ አንድም ነጥብ ሳይታይ ሦስት ሳምንት ካለፈ ነፃ ወጥቷል። አይቨርሜክቲን የሚባለውን የጥገኛ ማጥፊያ መድኃኒት ለከብት ከገዙት ጠርሙስ ቀድተው እንዳይወጉት፤ ለእባብ መጠኑ በክብደቱ ተሰልቶ በሐኪም ብቻ የሚሰጥ ነው። ቤት ውስጥ ኤሊ ካለ ደግሞ መድኃኒቱ አጠገቡም አይድረስ፤ ኤሊን ይገድላል።

ደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያለበት ከተማ ነው፤ ኮምቦልቻም የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለው። ሲሄዱ ሶፍቱን ከነነጥቡ በተዘጋ ብልቃጥ፣ የመጨረሻውንም ገለፈት በወረቀት ጠቅልለው ይዘው ይሂዱ። ከሐኪሙ ጋር ብዙ ቃል ከመለዋወጥ ይሻላል። የፈቃድ ወረቀትም አይርሱ፤ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳን ይዞ ለማቆየት ፈቃድ ያስፈልጋል። ከጫካ የተያዘ ከሆነ በዝርዝር ሳንገባ የምንለው አንድ ነው፦ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያስረክቡት።

ጥያቄ፦ እኛ እባብ አናሳድግም። ኮምቦልቻ ጓሯችን ውስጥ፣ ከእንጨት ክምሩ ሥር አንድ ሜትር ከሠላሳ የሚሆን የእባብ ገለፈት ልጆች አገኙ። ነክተውታል። መርዝ አለው? እባቡስ መርዘኛ ይሁን አይሁን ከገለፈቱ ይታወቃል?

መልስ፦ ገለፈት መርዝ የለውም። ልጆቹ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፣ ይበቃል። ርዝመቱም አያስደንግጣችሁ፤ ሲወልቅ ስለሚለጠጥ እባቡ ራሱ ከዚያ ያጥራል፣ አንድ ሜትር ከአሥር ገደማ ቢሆን ነው።

መርዘኛነቱን በተመለከተ ገለፈቱ በአንድ በኩል ብቻ ይናገራል። የራሱን ጫፍ ዘርግታችሁ ተመልከቱ። ጭንቅላቱ እንደ ገላው በጥቃቅን ሻካራ ቅርፊቶች ተሸፍኖ፣ ገለፈቱም አጭርና ሰፊ ከሆነ እፉኝት ሊሆን ይችላልና እንደ እፉኝት ቁጠሩት። በጭንቅላቱ ላይ ትልልቅ ልሙጥ ሰሌዳዎች ካሉ ግን “ምንም አይደለም” አትበሉ፤ ኮብራና ማምባም፣ ምንም የማያደርገውም የቤት እባብ እንዲሁ ናቸው። መርዝ የለውም የሚል ማረጋገጫ ከገለፈት አይገኝም።

ለእናንተ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ይነግራችኋል። እባብ ከከንፈሩ ጀምሮ ገለፈቱን ከውስጥ ወደ ውጭ እየገለበጠ ነው የሚወጣው፤ የራሱ ጫፍ በጀመረበት ይቀራል፣ በመጨረሻ የሚለቀው ጭራው ነው። ስለዚህ ገለፈቱ ካልተነካካ ጭራው የሚያመለክተው እባቡ የሄደበትን አቅጣጫ ነው። ጎንበስ ብላችሁ ዳሱት፦ ለስላሳና እርጥብ ከሆነ ከተወለቀ ገና ሰዓታት ነው፤ ሲይዙት የሚንኮሻኮሽና የሚፈረካከስ ከሆነ ሰንብቷል።

ለስላሳ ከሆነ ክምሩን ዛሬ በእጃችሁ አታንሱ። ነገ ቀትር ላይ፣ ቦት ጫማ አድርጋችሁ፣ በረጅም ዘንግ ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ አንሱት፤ ልጆች ቤት ይቆዩ። እንጨቱን መልሳችሁ ስትከምሩ ከመሬት ሁለት ስንዝር ከፍ ባለ ርብራብ ላይ አድርጉት፣ ከግድግዳም ይራቅ። እባቡን ያመጣው አይጥ ነውና እህሉን ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፤ ከዶሮ ቤቱ ሥር የሚፈሰውን ጥሬ ጥረጉ። ጭራው ወደ ቤቱ ግድግዳ የሚያመለክት ከሆነ የበሩን ሥርና በመሠረቱ ላይ ያለውን ከትንሽ ጣት የሚሰፋ ቀዳዳ ሁሉ በሲሚንቶ ድፈኑ፤ ከመድፈናችሁ በፊት ግን በየቀዳዳው አፍ ላይ ዱቄት ነስንሳችሁ ሁለት ሌሊት አሳድሩና የተሳበ ነገር ምልክት አለመኖሩን እዩ፤ እባቡን ከነቤታችሁ እንዳትዘጉበት። ሰው ከተነከሰ አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ በገመድም አትሰሩት፤ የተነከሰው እግር ወይም እጅ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት ደግፋችሁ ወዲያው ሆስፒታል አድርሱት።